ሳይበርድ ብዪ

እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ ቶሎ እናደዳለሁ። ተማሪዎቼ ይህንን ያውቃሉ፤ ጥያቄያቸው ለእኔም ከከበደኝ «ቁጭ በሉ» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ያን ሰሞን በግቢያችን የሆነው ነገር ግን ብናደድበትም አልገባኝም፣ ስረጋጋም አልገባኝም። አሁን ስጽፈው እንኳ ማን ትክክል እንደነበረ አላውቅም። ስለዚህ ከእኔ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ካለ ከወዲሁ ተስፋ ይቁረጥ።

ቡታጅራ የምኖረው አንዲት የመስቃን ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። ከጎጃም መምህርት ሆኜ ተመድቤ መጣሁ፣ ዛሬ ነገ እዛወራለሁ ስል እዚሁ ቀረሁ። እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል። በርበሬ እንዋዋሳለን፣ ስታመም ያስታምሙኛል፣ ከገበያ ስመለስ ዘንቢሌን ከፍተው መታለል አለመታለሌን ይመረምራሉ። ያልተካፈልነው ነገር ቢኖር ሥጋ ብቻ ነው። እኔ ክርስቲያን ያረደውን፣ እሳቸው ሙስሊም ያረደውን። ለአረፋ በሬ ሲጣል ለእኔ ዶሮ ከነሕይወቷ ይልኩልኛል፣ የራሴን ሰው ፈልጌ አሳርጄ እንድበላ። እኔም ለፋሲካ እንደዚያው አደርጋለሁ። በበዓል ቀን ዶሮ እየጮኸች ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትሻገር ያየ እንግዳ የተጣላን ይመስለዋል።

የእማማ ባለቤት ካረፉ ቆይተዋል። ወንዶቹ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ይነግዳሉ፤ ለአረፋ መጥተው ግቢውን ሞልተውት ይሰነብታሉ፣ መኪናቸው ከበር ከወጣች በኋላ ደግሞ የእማማ ድምፅ ለቀናት ይጠፋል። የመጨረሻዋ ሴት ልጃቸው ዱባይ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ትሠራለች። እዚያው የወለደቻት አንዲት ልጅ አለቻት። አባትየው ጥሏቸው ከሄደ በኋላ ብቻዋን ስታሳድግ ቆየች። በኋላ የሥራ ሰዓቷ ወደ ሌሊት ሲዞርና ልጅቷን የሚይዝላት ሰው ስታጣ፣ ወደ አገር ቤት ከሚመጣ ሰው ጋር ለእናቷ ላከቻት።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። አማርኛዋን ከዐረብኛ ጋር እየቀላቀለች ታወራለች፤ እናቷን ማማ፣ አያቷን ጀዳ ትላለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ስትወጣ፣ እማማ ለማንም የማያልፉትን ለእሷ ያልፉላታል። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ሲሠሯት የማላውቀውን ዘፈን በጉራጊኛ ሲያንጎራጉሩላት እሰማ ነበር። ልጅቷም አያቷን ወዳቸዋለች፣ ቀሚሳቸውን ይዛ ነበር የምትዞረው። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለች፤ መብላት። ዳቦ በሻይ ነክራ ትቀምሳለች፣ ከዚያ በቀር አፏ አይከፈትም። ቆጮ ቀረበላት፣ እምቢ። ክትፎው ለብለብ ተደረገላት፣ ቀጥሎም ጭራሽ በሰለላት፣ እምቢ። ፓስታም እምቢ። እማማ በእጃቸው ጠቅልለው «ሳይበርድ ብዪ፣ የኔ ልጅ» እያሉ ሲጠጓት ጥርሷን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች።

እናትየው በስልክ ቁርጡን ተናገረች። ልጅቷ በዚህ ወር መብላት ካልጀመረች ሥራዋንም ትታ ቢሆን መጥታ ትወስዳታለች። እማማ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ከፍተው ነውና፣ ይህንን እኔም በረንዳዬ ላይ ልብስ እያጠብኩ ሰማሁ። ስልኩ ሲዘጋ መጥተው በሬ ላይ ተቀመጡ።

«ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ቤቴ ቤት ሆነ፣ ቲቸር» አሉኝ። «እሷን ከወሰደችብኝ እኔ ከማን ጋር ነው የማወራው?»

ከእኔ ጋር ነዋ፣ ልላቸው አስቤ ተውኩት። ትንሽ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ብዙ ሳይቆይ ከዱባይ የመጣ ሰው ቅዝቃዜ በሚይዝ ቦርሳ እናትየው የላከችውን እሽግ ሥጋ ይዞልን መጣ። ልጅቷ እዚያ ጠዋት ጠዋት የምትበላው፣ እናቷ ከሥራ ስትመለስ ይዛላት የምትገባው እሱን ነው ተባለ። የእማማ ፍሪጅ ተበላሽቶ የሽሮ ማስቀመጫ ከሆነ ቆይቷልና እሽጉ እኔ ቤት ገባ። ከማስገባታችን በፊት ግን ፀሐይ ላይ አውጥተን አገላብጠን አነበብነው። በአንዱ በኩል ያለው ዐረብኛ ነው፤ እማማ በልጅነታቸው ቁርአን መቅራት ተምረዋልና ፊደል በፊደል እየለቀሙ «ሐላል» የሚለውን አገኙ፣ ልባቸውም ዐረፈ። በሌላው በኩል ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ እሱን እኔ አነበብኩና የእኔ ልብ ተነሣ። ተርኪ ቤከን ይላል። ተርኪው ደህና ነው፤ ዶሮ መሳይ፣ ግን ከዶሮ በጣም የሚገዝፍ ወፍ ነው፣ ሥዕሉም አለ። ቤከን ግን እኔ እስከማውቀው የአሳማ ነው። ስልኬ ላይ ብፈልግ አሳማ በአሳማ ሆነ። እማማ ምን ይላል ሲሉኝ ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ኔትወርክ የለም አልኳቸው። በኋላ ረጋ ብዬ ሳነብ ነው የወፉን ሥጋ የአሳማውን እንዲመስል ቀጫጭን አድርገው እንደሚያወጡት የገባኝ። ለምን አንዱን ሥጋ ሌላ ሥጋ እንደሚያስመስሉት ግን ዛሬም አልገባኝም።

እናትየው የድምፅ መልእክት ልካ ነበር። ክሪስፒ መሆን አለበት፣ ሲነከስ ኩርሽም ካላለ አትነካውም ትላለች። እማማ መልእክቱን ደጋግመው አሰሙኝ። ሥጋ ለምን ኩርሽም ይላል? ኩርሽም የሚለው ቆሎ ነው። በእሳቸው ቤት ሥጋ የሚመሰገነው ሲለሰልስ፣ ቅቤውን ጠጥቶ ምላስ ላይ ሲቀልጥ ነው። እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ፤ ግን የተማርኩት እኔ ነኝና ዘመናዊ አሠራር ነው አልኳቸው። ምን ዓይነት ዘመናዊ እንደሆነ ሳይጠይቁኝ መቅረታቸው በጀኝ።

መጀመሪያ እሳቸው በመሰላቸው መንገድ ሞከሩት። የተነጠረ ቅቤ በትልቁ ማንኪያ ጣሉበት፣ ኮረሪማ ነሰነሱበት፣ ግቢው በመዓዛው ታወደ። ሥጋው ቅቤውን ጠጣና እንደ ረጠበ ጨርቅ ተኛ። እሳቸው ቀምሰው ወላሂ ግሩም ነው አሉ። ልጅቷ አየችው፣ አሸተተችው፣ ምራቋን ዋጠች፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ምራቋን ስትውጥ ማየቴን አስታውሳለሁ። ያቅለሸለሻት መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። ሥጋ እንዲደርቅ ከተፈለገማ እኛ አገር መድኃኒቱ ይታወቃል፣ ቋንጣ ነው። ቀጫጭኑን ሥጋ አንድ በአንድ ገመድ ላይ ሰቀልኩ። እኔ የማልበላውን ሥጋ በእኔ ማዕድ ቤት መስቀሌን ያየች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገሩን መጠየቅ ፈልጋ አፈረች መሰለኝ፣ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ሥጋው በእርግጥ ደረቀ። ደርቆም አልተሰበረም፤ ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይሰበሰባል። እማማ አንዱን አፋቸው ውስጥ ከተው ብዙ ሰዓት አላመጡት። በመጨረሻ አውጥተው፣ ለበግ ማሰሪያ ይሆናል አሉኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ግን የልጅቷን ክንድ አየሁና ተውኩት። አምባሯ ከእጇ እየወለቀ ክርኗ ላይ በጨርቅ አስረውላት ነበር።

ያን ቀን ማታ እማማ አልሳቁም። ወሩ እየተገባደደ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብን አሉ፤ ይህንን ተረት ከእኔ ነው የለመዱት። ቀጥለውም፣ እናቷ ከምትወስዳት እኔ ዱባይ ሄጄ በር ላይ ብቀመጥ ይሻላል አሉኝ። ፓስፖርት እንኳ የላቸውም።

እኔም ቆርጬ ተነሣሁ። ለእናትየው ደወልኩላትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረጂኝ አልኳት። ደክሟት ነበር፣ ድምፅዋ ያስታውቃል፣ ግን በትዕግሥት አስረዳችኝ። የተርኪ ሥጋ ስብ የለውም፤ ስለዚህ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። መጥበሻው ሳይግል ሥጋው ይደረደራል፣ አንዱ ባንዱ ላይ መውጣት የለበትም። እሳቱ ዝቅ ይላል፣ ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፣ በጭልፋ ጫን ጫን ይደረጋል። ደረቅ ብሎ ሲቀላ ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ዘይቱን እንዲመጥጥለት። ይህ ነው። ልዩ ነገር የለውም። መጨረሻ ላይ ልጄ ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ አለችኝ። አዎ ብዬ መለስኩላት። እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ስለ እናቷ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ያ ራሱ ግር ሊለኝ ይገባ ነበር።

መብራት ስለጠፋ በከሰል ሠራነው። ከሰል እሳቱ ዝቅ በል ቢሉት አይሰማም፤ አመድ እያለበስን አስታገስነው። ሥጋው አማረ። ቀላ፣ ጠርዙ ተኮማተረ፣ ልክ ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ ስትጠብስ ያየሁት ቪዲዮ ላይ እንዳለው ሆነ። ወረቀት ዘርግቼ አወጣሁት። እዚህ ላይ እማማ አላስቻላቸውም። ምግብ ከእሳት ወርዶ ወረቀት ላይ ተጥሎ ይጠበቃል እንዴ? በዚህ አገር ገበታ የሚቀርበው እንፋሎቱ እየወጣ ነው፤ የበረደ ያቀረበች ሴት ስሟ ይነሣል። ከመጥበሻው ሲወጣ ገና ዘይቱ እየተንጨረጨረ አንሥተው፣ እፍ እፍ እያሉ፣ ጣታቸው እየተቃጠለ ወደ ልጅቷ ሮጡ። ሳይበርድ፣ ሳይበርድ። ሥጋው መሐል መንገድ ላይ እጃቸው ላይ ተጣጥፎ ተኛ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

በማግስቱም ይኸው፣ ከዚያም በኋላ ይኸው። ቀለሙ ልክ፣ እሳቱ ልክ፣ ዘይቱ ልክ፣ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ለስላሳ። እኔ ልቀምሰው አልችልም፤ ሐላል የሚለው ጽሑፍ ለእሳቸው በር ሲከፍት ለእኔ ይዘጋል። እየዳሰስኩና እማማን እየጠየቅኩ ነበር የምፈርደው፤ እሳቸው ደግሞ ለስላሳ መሆኑን እንደ ምስጋና ነበር የሚናገሩት። ቪዲዮ ላይ ያለችውን ሴትዮ እስከ መሳደብ ደረስኩ። ያየሁትን ሁሉ አደረግኩ፣ ያየሁት አልሆነም። በእሽጉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠበስ ቀረ።

የመጨረሻውን የጠበስነው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ገና ከመጥበሻው እያወጣሁ አዛን ተሰማ። እማማ ሥጋውንም መስጊዱንም አዩ፣ ከዚያ ሰግጄ መጣሁ አታቅርቢላት፣ እኔ ነኝ የማጎርሳት ብለው ገቡ። እኔም ወዲያው በር ተንኳኳና ቆጣሪ ከሚያነብ ሰው ጋር ስጨቃጨቅ ቆየሁ። ስንመለስ ሥጋው ወረቀቱ ላይ ደርቆ በርዶ ጠበቀን። እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ። የበረደ ምግብ ለልጅ አልሰጥም፣ አሙቄው ልምጣ ብለው ከሰሉን ሊያራግቡ ወጡ። እኔ በንዴት አንዱን አንሥቼ ወደ ጎን ልወረውረው ስል እጄ ላይ ቀጭ አለ።

ቆሜ ቀረሁ። ሌላ አነሣሁ፣ ያም ቀጭ አለ። ነገሩ ሲበርድ ነው ለካ የሚደርቀው። ያን ሁሉ ቀን ከእሳት አውርደን፣ እንዲቀዘቅዝ ትንሽ ፋታ ብንሰጠው ኖሮ የመጀመሪያውም ቀን ይሆን ነበር። እናትየው ይህንን አልነገረችኝም፤ እሷ የምትሠራበት ቦታ ምግብ ቆይቶ መበላቱ የሚነገር ነገር ስላልሆነ ይሆናል። እኛ ደግሞ እንግዳን በትኩሱ እናክብር ስንል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባሉት ሴቶች ሆንን።

ልጅቷ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፁን ስትሰማ ዞረች። ተነሥታ መጣች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። አላጎረስኳትም፣ ብዪም አላልኳት። የቀረውን ሳህን ላይ አድርጌ መሬት ላይ አስቀመጥኩላትና ዘወር አልኩ። አንዱን በራሷ እጅ አነሣችና ነከሰችው። ኩርሽም አለ። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ እየቆጠብኩ ልብላ የሚል ነገር የለም፣ በሁለት እጇ ነበር የምትበላው። እማማ ማራገቢያውን እንደያዙ በሩ ላይ ደረሱ። ልማዳቸው ነውና ሊያጎርሷት እጃቸው ተዘረጋ፤ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሁለታችንም ቆመን ስትበላ አዳመጥን። እማማ በሹክሹክታ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ እኔም አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቶ ነበር።

ልጅቷ የሳህኑን ፍርፋሪ በጣቷ ለቅማ ጨረሰች። ባዶውን ሳህን አየችው። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲበላሽ አየሁ።

«በላሁት» አለች።

እማማ ጎበዝ፣ የኔ ጎበዝ እያሉ ሊያቅፏት ተንበረከኩ። ልጅቷ ገፋቻቸውና ማልቀስ ጀመረች። የሕፃን የማኩረፍ ልቅሶ አልነበረም፣ ሰው የሞተበት ሰው ነው እንደዚያ የሚያለቅሰው። አሟት እንደሆነ ጠየቅኳት፣ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። ትኩስ አልነበረም ብለሽ ነው አሏት እማማ። በዐረብኛ የሆነ ነገር አለች፣ ቀጥላ በአማርኛ ደገመችው።

«አሁን ስለበላሁ ማማ አትወስደኝም።»

ከዚያ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ገባኝ፤ በዚያ ሰሞን የገባኝ ብቸኛው ነገር ይህ ነው። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ነበር። እናትየው ካልበላች መጥቼ እወስዳታለሁ ስትል እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ከሰማሁ፣ አያቷ ጭን ላይ የተቀመጠችው ልጅ እንዴት አትሰማም። ገና ዱባይ እያለችም እናቷ «ምግቡን እምቢ ካልሽ መጥቼ እወስድሻለሁ» ሳትላት አልቀረችም። ሳትራብ ቀርታ አይደለም። ክትፎውን ጠልታው አይደለም፣ ቅቤው አቅለሽልሿት አይደለም። ምራቋን የምትውጠው ርቧት ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ስንት ቀን ሙሉ እናቷን እየጠበቀች ጾመች፣ እኛ ከሥጋ ጋር እንታገል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የቤቷን ድምፅ ስትሰማ ረስታ በላች።

በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። በእናትየው? ልጇን እንዲመቻት ብላ ነው የላከቻት። በእማማ? አንዲት ልጅ እንድትኖርላቸው መመኘት ምን ነውር አለው። ብትቀር እዚህ አያት አላት፣ ግቢ አላት፤ ብትሄድ እናቷ ሥራ ትፈታለች፣ ምናልባትም ሁለቱም ይቸገራሉ። ልጅ የሚሻላትን አታውቅም ይባላል። እኔም ለተማሪ ወላጆች ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ያን ቀን ግን ያቺን ልጅ እያየሁ የሚሻላትን የምታውቀው እሷ ብቻ መሰለችኝ፣ ወዲያው ደግሞ አልመሰለችኝም።

እማማ እንደተንበረከኩ ቀርተዋል። እጃቸው ልጅቷን ሊያቅፍ እንደተዘረጋ ነው፣ መልሰው አልሰበሰቡትም። ያን ጊዜ ስልካቸው ጠራ። እናትየው ነበረች። በየቀኑ በዚህ ሰዓት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ትደውላለች። እማማ ስልኩን ብዙ ካስጠሩት በኋላ አነሡ። እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ከፈቱት። ሰላም ተባባሉ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ እናትየው የዛሬውስ እንዴት ሆነ፣ ክሪስፒ ሆነ ወይ፣ በላች ወይ አለቻቸው።

እማማ ልጅቷን አዩዋት። አፏ ዙሪያ በዘይት ይብለጨለጫል፣ ጉንጯ ላይ ፍርፋሪ ተለጥፏል። በሻሻቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እማማ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ ለገበያ ዋጋ እንኳ አይዋሹም።

«አልበላችም» አሉ። «ምንም አልበላችም፣ ልጄ። ነይና ውሰጃት።»

ልጅቷ ማልቀሷን አቁማ አያቷን ታያቸው ጀመር። እኔ ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ስልኩ ምስል እንደማያሳይ እያወቅኩ፣ ባዶውን ሳህን ከመሬት አንሥቼ ከጀርባዬ ደበቅኩት።